ኤይጂ ጹቡራያ፤ ሕንጻ ሳያፈርሱ ፍርስራሽን ያሳዩ ባለሙያ

የፊልም ሙያ ሲነሣ በቅድሚያ ወደ ሰው ኅሊና የሚመጡት ተዋናዩና አዘጋጁ ናቸው። ባሕሩ ሲናወጥ፣ ከተማው ሲቃጠል፣ አይሮፕላኑ ሲወድቅ ተመልካቹ በመቀመጫው ላይ ይሸማቀቃል እንጂ ይህን ሁሉ ማን እንዳደረገው አይጠይቅም። የእይታ ኢፌክት ኃላፊ ሥራው በተሳካለት መጠን ስሙ የሚረሳ ባለሙያ ነው። ስማቸው ከዚህ መረሳት ከዳነላቸው ጥቂቶች አንዱ ጃፓናዊው ኤይጂ ጹቡራያ ናቸው። የእኚህን ሰው ሕይወት ለማኅበራችን አባላት ማቅረብ ያስፈለገው ስለ ዝናቸው ብቻ አይደለም። ጥንታውያን ሕንጻዎችና የጦርነት ታሪክ በአንድነት በሚገኙባቸው በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋዎች ለሚሠራ የፊልም ባለሙያ ታሪካቸው ሁለት ትምህርት ይሰጣል፤ አንደኛው የእጅ ጥበብ ሲሆን ሁለተኛው የኅሊና ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የጃፓን ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችን ደግሞ በዓመተ ምሕረት ተጽፈዋል።

ጹቡራያ በ1901 በፉኩሺማ ክፍለ ሀገር፣ ሱካጋዋ በምትባል ከተማ ከነጋዴ ቤተ ሰብ ተወለዱ። እናታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው። በዚያን ዘመን አይሮፕላን ለጃፓን አዲስ ተአምር ነበርና ሕፃኑ ጹቡራያ በጋዜጣ ያዩትን ሥዕል እየተመለከቱ ከእንጨት ትንንሽ አይሮፕላኖችን ይሠሩ ነበር። ምኞታቸው አብራሪ መሆን ስለ ነበረ በ1916 በቶኪዮ አጠገብ ሐኔዳ ከሚገኝ የበረራ ትምህርት ቤት ገቡ። ይሁን እንጂ በሚቀጥለው ዓመት አስተማሪው በአይሮፕላን አደጋ ሞተው ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሰማዩ ቢዘጋባቸውም በእንጨትና በሽቦ የሰለጠኑት እጆቻቸው አብረዋቸው ቀሩ።

ወደ ፊልም ሥራ የገቡት በ1919 በካሜራ ረዳትነት ነው። በ1926 ቴይኖሱኬ ኪኑጋሳ ያዘጋጁትና በጃፓን የፊልም ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚነሣው «የእብደት ገጽ» ሲሠራ ከካሜራ ክፍሉ ሠራተኞች አንዱ ነበሩ። የሕይወታቸውን አቅጣጫ የወሰነው ግን በ1933 ያዩት «ኪንግ ኮንግ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ነው። የዚህን ፊልም ቅጂ አግኝተው እያንዳንዱን ምስል በተናጠል እየመረመሩ አጠኑት። በጊዜው በጃፓን ይህን ሥራ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አልነበረም፤ መምህራቸው ያ የፊልም ጥቅል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኋላም ቶሆ በተባለው ኩባንያ ውስጥ ልዩ የፊልም ቴክኒክ ክፍል ሲቋቋም መሪነቱ ለእሳቸው ተሰጠ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን የጦርነት ዘመን ነው። የጃፓን ባሕር ኃይል በፐርል ሐርበር ላይ አደጋ የጣለበትን አንደኛ ዓመት ለማክበር በ1942 «የባሕር ጦርነት ከሐዋይ እስከ ማላያ» የተባለ ፊልም ተሠራ። አዘጋጁ ካጂሮ ያማሞቶ ሲሆኑ ወደቡን፣ መርከቦቹንና አይሮፕላኖቹን በትንንሽ ሞዴል የሠሩት ጹቡራያና ባልደረቦቻቸው ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓንን የያዙት የአሜሪካ ባለሥልጣኖች የፊልሙን ትዕይንት በእውነተኛው ውጊያ ላይ የተነሣ መስሏቸው እንደ ነበረ ይነገራል። ለአንድ የእይታ ኢፌክት ባለሙያ ከዚህ የበለጠ ምስክርነት ሊኖር አይችልም። ነገር ግን ያ ምስክርነት ክስም ነበር። ፊልሙ የተሠራው ወጣቶችን ወደ ጦር ሜዳ ለመጥራት ነውና፣ ብቃቱ ባደገ መጠን ያደረሰው ጉዳትም የዚያኑ ያህል ይሆናል። በ1948 ጹቡራያ በጦርነቱ ፕሮፓጋንዳ ከተሳተፉት ጋር ተቆጥረው ከሥራቸው ተወገዱ። ለጥቂት ዓመታትም በራሳቸው አነስተኛ የሥራ ክፍል ከኩባንያ ኩባንያ እየተዋዋሉ ኖሩ።

ወደ ቶሆ ከተመለሱ በኋላ በ1954 «ጎጂራ» የተባለው፣ ዓለም «ጎድዚላ» እያለ የሚጠራው ፊልም ተሠራ። አዘጋጁ ኢሺሮ ሆንዳ፣ ፕሮዲውሰሩ ቶሞዩኪ ታናካ ነበሩ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር አሜሪካ በቢኪኒ ደሴት ያፈነዳችው የሃይድሮጂን ቦምብ መርዝ በአንዲት የጃፓን ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ወርዶ ሕዝቡ እጅግ ተሸብሮ ነበር። በፊልሙ ውስጥ በቦምብ ከባሕር ሥር የተቀሰቀሰው አውሬ ወጥቶ ቶኪዮን ያቃጥላል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከተማቸው በእሳት ስትጋይ ያዩ ተመልካቾች ይህን እንደ ተረት ብቻ ሊመለከቱት አልቻሉም። ጹቡራያ በ1942 ጥቃትን ባስጌጡበት ጥበብ በ1954 የተጠቃውን ሕዝብ ኀዘን አሳዩ። መሣሪያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው መሣሪያው የሚያገለግለው ዓላማ ነው።

አሠራሩን መመልከት ለባለሙያ ይጠቅማል። ኪንግ ኮንግ የተሠራው አሻንጉሊቱን በእያንዳንዱ ምስል ጥቂት እያንቀሳቀሱ በማንሣት ነበር። ለዚህ ግን ጊዜውም ገንዘቡም ስላልነበረ ጹቡራያ ሐሩዎ ናካጂማ የተባለውን ተዋናይ ከባድ የጎማ ልብስ አልብሰው፣ ከእውነተኛው ሃያ አምስት ጊዜ ባነሰ ልክ በተሠራ ከተማ ውስጥ እንዲራመድ አደረጉ። እዚህ ላይ የጥበቡ ቁልፍ ጊዜ ነው። ለምሳሌ 32 ሜትር ከፍታ አለው ከሚባለው ከጎንደሩ የፋሲል ግንብ ጫፍ አንድ ድንጋይ ቢወድቅ መሬት ለመድረስ ሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል ይወስድበታል። በ1/25 ልክ በተሠራው ሞዴል ግን ከፍታው 1 ሜትር ከ28 ሳንቲም ብቻ ስለሚሆን ድንጋዩ በግማሽ ሰከንድ ይወርዳል፤ የተመልካች ዓይንም ነገሩ ጨዋታ መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ጊዜው በአምስት እጅ ስላጠረ ካሜራው በሰከንድ በ24 ምስል ፈንታ 120 ምስል አንሥቶ በተለመደው ፍጥነት ሲታይ ድንጋዩ ክብደቱን መልሶ ያገኛል። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራው ባለሙያም ቢሆን ከዚህ ሕግ ማምለጥ አይችልም፤ ክብደት የሌለው ነገር አያስፈራም፤ አያሳዝንምም።

የጹቡራያ ሌላው ውለታ ለሙያው ስም ማስገኘታቸው ነው። በ1955 በወጣው ሁለተኛው የጎድዚላ ፊልም ላይ «የልዩ ቴክኒክ አዘጋጅ» ተብለው በመጠራታቸው ሥራው ከረዳትነት ወጥቶ ራሱን የቻለ የኃላፊነት ማዕረግ ሆነ። ከዚያ በኋላ እነ «ሮዳን»ን እና «ሞትራ»ን ሠሩ። በ1963 በስማቸው የሚጠራውን ኩባንያ አቋቁመው በ1966 «ኡልትራማን» የተባለውን ተከታታይ ፊልም ለቴሌቪዥን አቀረቡ። በዚህ ኩባንያና በቶሆ ብዙ ወጣቶችን አሠልጥነው ጥር 25 ቀን 1970 ኢቶ በተባለ ስፍራ በ68 ዓመታቸው ዐረፉ። በ2024 «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» ለእይታ ኢፌክት የሚሰጠውን የኦስካር ሽልማት ሲቀበል እሳቸው የጀመሩት መንገድ ከሰባ ዓመት በኋላም አለመቋረጡን አስመስክሯል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይሆናል? ጎንደር እስከ ተለቀቀችበት እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ድረስ በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ አይሮፕላኖች ቦምብ በነገሥታቱ ግቢ አንዳንድ ሕንጻዎች ላይ ጉዳት አድርሷል። በደባርቅ አቅራቢያ በወልከፊት ገደል አፋፍ ላይ መሽጎ የነበረው የኢጣልያ ጦርም እጁን የሰጠው በዚያው ዓመት መስከረም ወር ነው። የጎንደር አርበኞችን ገድል ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» በተባለው መጽሐፋቸው መዝግበውታል፤ በቴአትርም የደከሙ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ኃይሌ ገሪማ ደግሞ ከጎንደር ተነሥተው ዓለም የሚያውቃቸው የፊልም አዘጋጅ ሆነዋል። እንግዲህ ታሪኩም አለ፤ ተራኪም አልጠፋም። ነገር ግን ግቢው ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ለፊልም ተብሎ አንዲት ጠጠር ከቦታዋ ልትነሣ አይገባም። የ1934ቱን ጎንደር ማሳየት የሚሻ ባለሙያ ግንቡን በትክክል ለክቶ፣ በትንሹ ገንብቶ፣ የሠራውን ማፍረስ ይኖርበታል። ይህም ከገንዘብ ይልቅ ትዕግሥትንና ልኬትን የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ሆኖም ግንቡ በስክሪን ላይ ሲናድ አቧራው ስለ ማን እንደሚነሣ አስቀድሞ ማሰብ የባለሙያው ፈንታ ነው። ጦርነትን ያላየ ወጣት የሚያምነው በፊልም ያየውን ነውና፣ በሞዴል ላይ የተለኮሰ እሳት በእውነተኛ ልብ ውስጥ ይነዳል። ጹቡራያ ይህን ያወቁት ከሥራቸው ተወግደው፣ ከተማቸውም ዐመድ ሆና ካዩ በኋላ ነው። ከእሳቸው ኋላ የመጣን እኛ ግን ያን ያህል ዋጋ ሳንከፍል ልንማረው እንችላለን።