ኤሚል ቦዶ፦ በየማተሚያው ውስጥ ስሙ የቀረው የገበሬ ልጅ

በሙያዬ የፋብሪካ ሌብል ማተሚያዎችን ከኮምፒውተርና ከሚዛን ጋር አገናኛለሁ። የማተሚያውን የሲሪያል ግንኙነት ሴቲንግ ስከፍት ቀድሞ የሚጠብቀኝ ቃል «ቦድ» ነው። ባለሙያው በየዕለቱ ይጠራዋል፤ ከሰው ስም መወሰዱን የሚያውቅ ግን ብዙ አይደለም። የሰውየው ታሪክ ሥራዬን በተሻለ እንድረዳ ስላደረገኝ ለአንባቢ ላካፍል ወደድኩ።

ኤሚል ቦዶ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1845 በፈረንሳይ ማኞ በተባለች መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። መደበኛ ትምህርቱ ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። በአባቱ እርሻ ሲሠራ ቆይቶ በ1869 በቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት ተለማማጅ ኦፕሬተር ሆኖ ተቀጠረ።

በዚያ ሳለ አንድ ችግር አስተዋለ። ውድ የሆነው የቴሌግራፍ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ነው፤ ኦፕሬተሩ አንዱን ፊደል ልኮ ወደሚቀጥለው እስኪሄድ ሽቦው ባዶውን ይጠብቃል። ቦዶ በርካታ ኦፕሬተሮች አንዱን ሽቦ በተራ እንዲጠቀሙበት የሚያደርግ መሣሪያ ለመሥራት ተነሳ። መሥሪያ ቤቱ ቢያበረታታውም ገንዘብ አልሰጠውም፤ የደከመው በትርፍ ሰዓቱ ነበር። በ1874 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ።

በሞርስ አንዱ ፊደል አጭር፣ ሌላው ረጅም ነው። ቦዶ ግን ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል አምስት ምልክት መደበ። ይህ 32 አማራጭ ይሰጣል። ቁጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቦችን ለመጨመር ከፊደል ወደ ቁጥር የሚያሻግር ምልክት አበጀ። ከ200 በላይ ለሆኑት የእኛ ፊደላት ግን ይህም አይበቃም ነበር።

ኦፕሬተሩ አምስት ቁልፎችን፣ ሁለቱን በግራ፣ ሦስቱን በቀኝ እጁ፣ መሣሪያው በሚሰጠው ምት ልክ ይጫናል። በሁለቱም ጫፍ ያሉት መሣሪያዎች እኩል ካልዞሩ መልእክቱ ይበላሻል።

የእኔም ሥራ ዛሬ እዚሁ ላይ ያርፋል። ኮምፒውተሩ በ9600 እየላከ ማተሚያው 19200 ከጠበቀ በሌብሉ ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ይወጣል፣ ወይም ጨርሶ አይታተምም፤ የማሸጊያው መስመርም ይቆማል። ስምንት የዳታ ቢት፣ ፓሪቲ የሌለበትና አንድ ስቶፕ ቢት ሲመረጥ፣ ከመነሻው ምልክት ጋር እያንዳንዱ ፊደል አሥር ምልክት ይፈጃል። ስለዚህ በ9600 ቦድ በሰከንድ ቢበዛ 960 ፊደል ያልፋል።

የቦዶ ሕይወት ያለ ሙግት አላለፈም። የሥራ ባልደረባው ሉዊ ሚሞ የአምስት ምልክቱ ሐሳብ የእኔ ነው ብሎ በፍርድ ቤት ተከራከረው። እንደ እውነቱ ከሆነ ጋውስና ዌበር የተባሉት ጀርመናውያን ሳይንቲስቶች አምስት ምልክት ያለው ኮድ ቀድመው ተጠቅመው ነበር። ሽቦ የመጋራቱም ሐሳብ ከቤርናር ሜየር፣ የማተሙም ከሂዩዝ መሣሪያ የመጣ ነው። በእኔ እምነት የቦዶ ታላቅነት የተበታተነውን አገናኝቶ የሚሠራ መሣሪያ ማድረጉ ነው።

በ1878 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ። ጤናው ግን ደካማ ነበር፤ በ1890 ያገባት ሚስቱም በወራት ውስጥ ሞተችበት። እሱም ማርች 28 ቀን 1903 በ57 ዓመቱ አረፈ። በ1926 የምልክት ፍጥነት መለኪያ በስሙ «ቦድ» ተባለ።

ማተሚያ ሲያስቸግር ብዙዎች ገመዱን፣ አንዳንዴም ማሽኑን ለመለወጥ ይጣደፋሉ። ወጪ ከመውጣቱ በፊት ግን በሁለቱም በኩል ፍጥነቱ፣ የዳታ ቢቱ፣ ፓሪቲውና ስቶፕ ቢቱ አንድ መሆናቸውን ማየት ይቀድማል። ላኪና ተቀባይ እኩል ካልተራመዱ፣ ውድ ማሽንም ቢሆን መደማመጥ አይችልም።