የፈንጣጣን ጠባሳ የተሸከሙት ንጉሠ ነገሥት

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። ፈንጣጣ ሕይወታቸውን ባይነጥቅም በፊታቸው ላይ የማይሽር ጠባሳ ትቶ አልፏል። በልጅነታቸው በአፄ ቴዎድሮስ ተማርከው አሥር ዓመት ያህል በመቅደላ ከቆዩ በኋላ፣ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው በወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት እርዳታ ሸዋ ገቡ።

ከነገሡ በኋላ የውጭ ሐኪሞች የፈንጣጣ ክትባት እንዲሰጡ ደገፉ። በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ግን በሽታው ገና ሕፃናትን ይቀጥፍ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1972 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

ፈንጣጣን ያጠፋው ክትባት ነው። ኩፍኝ ግን ዛሬም አልጠፋም፤ በከሚሴም ሆነ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ቀበሌዎች የሚያድግ ሕፃን በ9 እና በ15 ወሩ ሊከተብ ይገባል። ለንጉሠ ነገሥቱ በልጅነታቸው ያልደረሰው መከላከያ ዛሬ ለአርሶ አደሩም ልጅ በነፃ ይሰጣል።