በማተሚያ ቤቱ በር ላይ የቆመችው ሆቪታ ኢዳር

በዚህ እትም የምናስታውሳት ሴት የኖረችው ከኛ ርቃ፣ በአሜሪካና በሜክሲኮ ድንበር ላይ ነው። የማኅበሩን ሂሳብ የምንይዝ እንደመሆናችን፣ ታሪኳን ስናነብ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለን፤ ገንዘብም ሥልጣንም የሌላቸው ሴቶች ልጆችን በነጻ ለማስተማር አቅሙን ከየት አገኙት?

ሆቪታ ኢዳር እ.ኤ.አ. በ1885 በቴክሳስ ግዛት፣ በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር ባለችው በላሬዶ ከተማ ተወለደች። ቤተሰቧ የሜክሲኮ ዝርያ ያለው ነበር። በ1903 የመምህርነት ምስክር ወረቀቷን ተቀብላ በአንዲት ትንሽ የገጠር መንደር ማስተማር ጀመረች። በዚያ ዘመን የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ልጆች የሚማሩት ከነጮቹ ተለይተው፣ በተጎሳቆሉ ትምህርት ቤቶች ነበር። በእርሷም ክፍል ወንበሩና የትምህርት መሣሪያው ለተማሪዎቹ አይበቃም ነበር። ብቻዋን ብትደክም ይህን መለወጥ እንደማትችል ስትረዳ ሥራዋን ለቀቀችና አባቷ ያሳትመው ወደነበረው ላ ክሮኒካ ወደተባለ የስፓኒሽ ጋዜጣ ገባች።

ጊዜው ክፉ ነበር። በ1910 አንድ የሜክሲኮ ሰው በቴክሳስ ያለ ፍርድ፣ በሕዝብ እጅ ከነሕይወቱ ተቃጠለ። በዓመቱ ደግሞ የ14 ዓመት ልጅ በተመሳሳይ ሁኔታ ተሰቅሎ ተገደለ። ሆቪታና ቤተሰቧ ስለዚህ ግፍ፣ ስለ ትምህርት ቤቶቹ መጎሳቆልና ስለ ቋንቋቸው መናቅ በጋዜጣቸው ጻፉ። ጽሑፍ ብቻውን እንደማይበቃ ስላወቁም በመስከረም 1911 በላሬዶ ትልቅ ጉባኤ ጠሩ።

ከጉባኤው አንድ ወር ያህል ቆይቶ ሴቶቹ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ሆቪታም የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር ሆነች። ቀዳሚ ሥራቸው ድሃ ልጆችን በነጻ ማስተማር ነበር። ለችግረኞች ምግብና ልብስም ይሰጡ ነበር። የጥያቄያችንን መልስ ያገኘነው እዚህ ላይ ነው። ከአባላቱ ብዙዎቹ መምህራን ስለነበሩ እውቀታቸውን አዋጡ። ገንዘቡን ደግሞ ቴአትርና የሥነ ጽሑፍ ዝግጅት እያቀረቡ ሰበሰቡ።

በ1913 የሜክሲኮ አብዮት ጦርነት ወንዙ ማዶ ሲደርስ ሆቪታ ተሻግራ ቁስለኞችን አስታመመች። ስትመለስ ኤል ፕሮግሬሶ በተባለ ጋዜጣ መሥራት ጀመረች። ጋዜጣው ፕሬዚዳንት ዊልሰን ወታደር ወደ ድንበሩ መላካቸውን የሚነቅፍ ጽሑፍ በማውጣቱ፣ የቴክሳስ ሬንጀርስ የሚባሉት ታጣቂዎች ማተሚያ ቤቱን ሊዘጉ መጡ። ሆቪታ በሩ ላይ ቆማ አላስገባም አለች። ታጣቂዎቹም ተመለሱ። በኋላ ግን እርሷ በሌለችበት መጥተው መሣሪያውን ሰባበሩት።

እርሷ ግን በዚህ አልቆመችም። አባቷ በ1914 ሲሞቱ የቤተሰቡን ጋዜጣ ይዛ ቀጠለች። በ1917 ትዳር ከመሠረተች በኋላ ወደ ሳን አንቶኒዮ ሄዳ ለትንንሽ ልጆች ነጻ መዋዕለ ሕፃናት ከፈተች፤ በሆስፒታልም እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሕመምተኞች ታስተረጉም ነበር። በ1946 አረፈች። በ2023 የአሜሪካ መንግሥት ምስሏን በሩብ ዶላር ሳንቲም ላይ አወጣው።

እኅቶቻችን፣ መዋጮ መክፈል ስላቃታቸው አፍረው ከስብሰባ የቀሩ አባላት እንዳሉ መዝገባችን ያሳየናል። ስማቸው ፊት ባዶ ቦታ ባየን ቁጥር እናዝናለን። የላሬዶዎቹ ሴቶች ያዋጡት ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ አንዷ ፊደል አስቆጠረች፣ ሌላዋ መድረክ ላይ ወጣች። ስለዚህ የቀራችሁ እኅቶች ተመለሱ። ሙያችሁና ጉልበታችሁም መዋጮ ነው። ደጋፊዎቻችንም የምትሰጡን ገንዘብ በእነዚህ እጆች ላይ የሚጨመር መሆኑን እንድታውቁልን እንወዳለን።