ንድፉን የሠራው ስሙ ቀርቷል፤ የሸመኑትስ?

እህቴ፣ ጅዳም ሆነ መካ ብትሠሪ የካዕባን ልብስ፣ ኪስዋን፣ ሳታዪ አልቀረሽም። መካ ኡም አል-ጁድ በሚገኘው ፋብሪካ ጽሑፉ መጀመሪያ በጥቁሩ ሐር ላይ ይነደፋል፤ ከዚያም ጠላፊዎች በወርቅ በተለበጠ የብር ክር ይሠሩታል። ንድፉ የጥቂት፣ ሥራው የብዙ እጅ ነው። ዛሬ የማወራሽ በሌላ አገርና በሌላ ዘመን ለሽመና ንድፍ ይሠራ ስለነበረ ሠዓሊ ነው።

ፍራንሷ ቡሼ እ.ኤ.አ. በ1703 ፓሪስ ተወለደ። አባቱም ሠዓሊ ነበር፤ ስሙ ግን ብዙም አልገነነም። ልጁ በወጣትነቱ የሌላውን ሠዓሊ የቫቶን ሥራዎች በመዳብ ላይ እየቀረጸ ገንዘብ ያገኝ ነበር። ጣሊያን ቆይቶ ተመለሰና በ1734 የንጉሡ የሥዕል አካዳሚ አባል ሆነ። በዚያው ዘመን በቦቬ ከተማ ላለው የሽመና ድርጅት ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ጨርቆችን መንደፍ ጀመረ።

ከእነዚህ አንዱ በ1741 መሸመን የጀመረው የፕሲኬ ታሪክ ነው። በጥንቱ የሮማውያን ተረት ኩፒድ ፕሲኬን ፊቱን እንዳታይ ከልክሎ አገባት። እሷ ግን አንድ ሌሊት ኩራዝ አብርታ አየችው፤ ጥሏት ሄደ። ስትፈልገው አማቷ ቬኑስ እጅ ወደቀች። ቬኑስም ስንዴ፣ ገብስ፣ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ደባልቃ ሳይመሽ ለቅማ እንድትጨርስ አዘዘቻት። ጉንዳኖች አዝነው ለቀሙላት።

ቡሼ ይህን አልሣለም። አምስቱ ንድፎች ፕሲኬ ቤተ መንግሥት ስትገባ፣ ስታጌጥ፣ ሀብቷን ስታይ፣ ስትጣልና ቅርጫት ሠሪ ቤት ስትደርስ ያሳያሉ። ገዢዎቹ ነገሥታትና መኳንንት ነበሩ፤ ለሳሎናቸው ያማራቸው ድካም ሳይሆን ድሎት ሳይሆን አይቀርም።

ድካሙ የሸማኔዎቹ ነበር። በግድግዳው ልክ የተሣለው ንድፍ ተቆራርጦ ከድሩ ሥር ይነጠፋል። እነሱ በጀርባው በኩል የሱፍና የሐር ማግ እያስገቡ ይሸምናሉ። ስለዚህ ሥዕሉ ይገለበጣል፤ በንድፉ ቀኝ የነበረው በጨርቁ ግራ ይሆናል። ሙሉ ፊቱን የሚያዩት ሥራው አልቆ ሲወርድ ነው።

ቡሼ በ1755 የጎብላ ሽመና ቤት ተቆጣጣሪ፣ በ1765 ደግሞ የንጉሥ ሉዊ 15ኛ ቀዳሚ ሠዓሊ ሆነ። በ1770 ሲሞት ዝናው አልሞተም፤ ስሙ ዛሬም በሙዚየሞች ተጽፎ ይነበባል። የብዙዎቹ ሸማኔዎች ስም ግን የለም። ሰው ቆሞ የሚያደንቀው የእነሱን እጅ ሆኖ ሳለ፣ ማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም።

እህቴ፣ በእረፍትሽ የምትጠልፊው ነገር ካለ፣ ጥጉ ላይ ስምሽንና ዓመቱን ጥለፊበት።