ክሎድ ማኬይ እና የተዘጋው በር

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ከጻፉት ጥቁር ባለቅኔዎች መካከል ክሎድ ማኬይ በፊተኛው ረድፍ የሚቆም ነው። ስሙን በይበልጥ ያስጠሩት እያንዳንዳቸው 14 ስንኞች ብቻ ያሏቸው፣ ሶኔት በመባል የሚታወቁት ግጥሞቹ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ በአሜሪካ ስለነበረው የዘር መድልዎ የጻፈውና «ነጩ ቤት» ብሎ የሰየመው ነው። በዚሁ ግጥም ርእስ ምክንያት ባለቅኔው የተጋጨው ከጠላቶቹ ጋር ሳይሆን ከራሱ ወገን ጋር ነበር። የግጭቱን ትርጉም ለመረዳት ማኬይ የመጣበትን መንገድ አስቀድሞ መመልከት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማኬይ በ1889 በጃማይካ ደሴት፣ ክላረንደን በሚባለው አውራጃ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ከብዙ ልጆች መካከል የመጨረሻው ነበር። መምህር የነበረው ታላቅ ወንድሙ አስተማረው፤ የእንግሊዝን ታላላቅ ደራስያንም ያወቀው ከወንድሙ መጻሕፍት ነው። ኋላም ከአንድ ባለሙያ ዘንድ ሠረገላና የቤት ዕቃ መሥራትን ተለማመደ፤ ለጥቂት ጊዜም በፖሊስነት አገለገለ። ዋልተር ጄኪል የተባሉ እንግሊዛዊ፣ የአገሬው ሕዝብ በሚነጋገርበት አነጋገር እንዲጽፍ ስላበረታቱት በ1912 ሁለት የግጥም መጻሕፍት አሳተመ።

በዚያው ዓመት እርሻ ለመማር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ጃማይካ በቅኝ አገዛዝ ሥር ብትሆንም፣ ጥቁር ሰው በሕግ ተለይቶ በሌላ በር ሲገባ ማኬይ አላየም ነበርና በደቡባዊቱ የቻርልስተን ከተማ ያጋጠመው ነገር ክፉኛ አስደነገጠው። በአላባማ በሚገኘው የተስኪጊ ተቋም ጥቂት ቆይቶ ወደ ካንሳስ የእርሻ ኮሌጅ ተዛወረ፤ በ1914 ግን ትምህርቱን አቋርጦ ኒው ዮርክ ገባ። ኑሮውንም ከሌሎች ሥራዎች ጋር በባቡር ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት ይገፋ ጀመር።

1919 በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ነጮች በጥቁሮች ላይ የተነሡበት ዓመት ነው። ማኬይና የሥራ ጓደኞቹ ከከተማ ወደ ከተማ ሲጓዙ ለሕይወታቸው ይሰጉ ነበር። ሞት ካልቀረ ራስን እየተከላከሉ በክብር መሞት እንደሚገባ የሚናገረው ሶኔቱ «ሊበሬተር» በተባለው መጽሔት በጁላይ ወር ወጣ። በዚያው ወር መጨረሻ በቺካጎ በተነሣው ሁከት 38 ሰዎች ሞቱ። ግጥሙም ከጥቁሮች ጋዜጣ ወደ ጥቁሮች ጋዜጣ እየተላለፈ ታተመ፤ ከዚያ ወዲህ ማኬይ የወገኖቹ ድምፅ ሆኖ ተቈጠረ።

ሶኔት በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት በይበልጥ ለፍቅር ሲያገለግል የኖረ የግጥም ዓይነት ነው። የስንኙ ቁጥር፣ ምጣኔውና ቤት አመታቱ የተወሰነ ነው፤ ማኬይ በእነዚህ ግጥሞቹ የተከተለው የሼክስፒር ስልት ደግሞ ነገሩን በመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ይቋጫል። ቁጣን በዚህ ጠባብ ቅርጽ ውስጥ ማኖሩ በራሱ ትርጉም ነበረው። ጥቁር ሰው ስሜቱን መግዛት አይችልም ይሉ ለነበሩት፣ ምጣኔውን ጠብቆ የሚቈጣ ሰው በቂ መልስ ነበር።

ከ1919 መጨረሻ እስከ 1921 መጀመሪያ ማኬይ በለንደን ኖረ። በ1920 «ዴይሊ ሄራልድ» የተባለው የሠራተኞች ወገን ነኝ ባይ ጋዜጣ ፈረንሳይ በጀርመን ምድር ያሰፈረቻቸውን ጥቁር ወታደሮች የሚያዋርድ ጽሑፍ አወጣ። የማኬይን የተቃውሞ ደብዳቤ ግን ለማተም አልፈቀደም። ደብዳቤውን በራሳቸው ጋዜጣ ያወጡለት ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው፤ ለሥራም ቀጠሩት። እኒህ ሴት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ለኢትዮጵያ ነፃነት የተሟገቱት፣ በመጨረሻም በ1960 አዲስ አበባ ውስጥ ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩት ናቸው።

ማኬይ ወደ ኒው ዮርክ ተመልሶ በ«ሊበሬተር» አዘጋጅነት ሲሠራ፣ በ1922 ስለ አንድ ቴአትር ሂስ ለመጻፍ ተጋብዞ ሄደ። መጽሔቱ የተላከለት ቲኬት ከፊት የሚያስቀምጥ ቢሆንም፣ ጥቁርነቱ ሲታይ ከነጭ ጓደኛው ጋር ወደ ሰገነት እንዲወጣ ተደረገ። «ነጩ ቤት» የታተመው በዚያው ዓመት ነው። ግጥሙ በተዘጋ በር ፊት ስለሚያልፍ ሰው ይናገራል። ሰውየው በሩን አይሰብርም፤ አይለማመጥምም። ቁጣው እንዳለ ሆኖ ሕጉን ያከብራል፤ ጥላቻ ልቡን እንዳይገዛው ግን ከራሱ ጋር ይታገላል። ከሁለቱ የሚከብደው ይኸኛው ትግል መሆኑን ግጥሙ አይሸሽግም።

በ1925 የፍልስፍና ምሁሩ አሌን ሎክ የጥቁር ደራስያንን ሥራ በአንድ ላይ አሰባስቦ «አዲሱ ኒግሮ» በተባለው መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ርእሱን ወደ «ነጭ ቤቶች» ለወጠው። ነጩ ቤት በዋሽንግተን ያለው የፕሬዚዳንቱ መኖሪያ ስም ስለሆነ፣ ግጥሙ በመንግሥት ላይ የተነጣጠረ ይመስላል፤ በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ የነበረው ማኬይም ወደ አሜሪካ እንዳይመለስ ሊከለከል ይችላል ሲል ሠግቶ ነበር። ሎክ ክፉ አላሰበም። ማኬይ ግን እጅግ ተቈጣ። ርእሱ የፕሬዚዳንቱን መኖሪያ ሳይሆን ጥቁር ሰው እንዳይገባበት የተዘጋውን የአሜሪካን ሕይወት ሁሉ የሚወክል ምሳሌ እንደሆነ አስረዳ። ቤቱ ሲበዛ ምሳሌነቱ ይጠፋል፤ ጥያቄውም ወደ ነጮች የግል ቤት የመግባት ምኞት መስሎ ይቀራል። ሎክ የሰጋው ለሰውየው ደኅንነት ነው፤ ማኬይ የሰጋው ለቃሉ ነው። ቁጣውን ራሱ መጥኖ ለጻፈ ሰው፣ ሌላው ደግሞ ሊመጥንለት መነሣቱ ሁለተኛ በር እንደ መዝጋት ነበር።

ማኬይ በ1922 በሞስኮ በኮሚኒስት ኢንተርናሽናል አራተኛ ጉባኤ ላይ ተናገረ፤ ከዚያም በፈረንሳይ፣ በስፔንና በሞሮኮ እየተዘዋወረ ልብ ወለዶች ጻፈ። ወደ አሜሪካ የተመለሰው በ1934 ነው። በ1941 የጨረሰው የመጨረሻ ልብ ወለዱ፣ በፋሺስት ወረራ ጊዜ የሃርለም ጥቁሮች ኢትዮጵያን ለመርዳት ያደረጉትን እንቅስቃሴ የሚተርክ ነበር። አሳታሚ ሳያገኝ ቀረ። የእጅ ጽሑፉ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት በ2009 ተገኝቶ፣ በ2017 ታተመ።

ክሎድ ማኬይ በድህነትና በሕመም ከቈየ በኋላ በ1948 በቺካጎ ዐረፈ። በ1914 ካገባት ሚስቱ የተወለደችውን ልጁን በዐይኑ ሳያያት ነው የሞተው። የተዘጋበትን በር ሲከፈት ለማየትም ዕድሜው አልደረሰም፤ የአሜሪካ ምክር ቤት በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች የዘር መድልዎን በሕግ የከለከለው በ1964 ነው። ግጥሙ ግን ዛሬ በአብዛኛው የሚታተመው እርሱ ራሱ በሰጠው ርእስ ነው።