ዊልበር ራይት፦ ከሞተሩ በፊት መሪውን ያሰበው ሰው

በቤቱ ጋራዥ ከፋይበር ግላስና ከሙጫ ትንሽ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው አብዝቶ የሚጨነቅበት አንድ ሥራ አለ። የክንፉንና የጅራቱን ተንቀሳቃሽ መሪዎች የያዙት ማጠፊያዎች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። አንዱ ትንሽ ካፈነገጠ፣ ማጠፊያው እንደተዛባ በር መሪው ይከብዳል፤ ሲብስም ይነክሳል። በር ቢነክስ ገፍቶ መክፈት ይቻላል፤ ሰማይ ላይ ግን ሕይወት ያስከፍላል።

ይህን ጭንቀት ቀድሞ የተጨነቀው ዊልበር ራይት ነበር። እ.ኤ.አ በ1867 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ከጳጳስ ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ በበረዶ ላይ ጨዋታ ፊቱን ክፉኛ ተመትቶ ኮሌጅ የመግባት ሕልሙ ቀረ። በሳንባ ነቀርሳ የታመመች እናቱን ቤት ውሎ አስታመመ። በ1892 ከታናሽ ወንድሙ ከኦርቪል ጋር በዴይተን ከተማ የብስክሌት ሱቅ ከፈተ።

ጀርመናዊው ተንሳፋፊ ኦቶ ሊሊየንታል በ1896 ወድቆ ሲሞት፣ ዊልበር ነገሩን በጥሞና ተከታተለው። ሌሎች ስለ ሞተር ኃይል ሲያስቡ እሱ ስለ ሚዛን አሰበ። እንደ ብስክሌት ሁሉ አውሮፕላንም ሚዛኑን የሚጠብቅለት ነጂ ይፈልጋል ብሎ አመነ። በ1899 ሱቁ ውስጥ ባዶ የካርቶን ሳጥን በእጁ ሲያጣምም፣ ክንፍንም እንዲሁ አጣምሞ አውሮፕላንን ማዘንበል እንደሚቻል ታየው።

በ1902 በሰሜን ካሮላይና አሸዋ ላይ ሞከሩት። ተንሸራታቹ ግን አንዳንዴ ወደ ዘመመበት ጎን እየተንሸራተተ አሸዋ ይመታ ነበር። ኦርቪል የጅራቱ መሪ እንዲንቀሳቀስ ሐሳብ አቀረበ፤ ዊልበር ደግሞ ክንፍ ከሚያጣምመው ገመድ ጋር እንዲያያዝ አለ። ችግሩ ተፈታ።

ታኅሣሥ 14 ቀን 1903 የመጀመሪያው ዕጣ ለዊልበር ደረሰው፤ አፍንጫውን አብዝቶ በማንሳቱ ወዲያው ወደቀ። ከሦስት ቀን በኋላ ኦርቪል ቀድሞ በረረ። በዕለቱ የመጨረሻውን በረራ ያደረገው ዊልበር 59 ሴኮንድ ቆይቶ 260 ሜትር ያህል ተጓዘ።

በነሐሴ 1908 በፈረንሳይ ሌ ማን ከተማ አቅራቢያ በሕዝብ ፊት በረረ፤ ሲጠራጠሩት የነበሩት ሁሉ አፋቸውን ያዙ።

ከዚያ በኋላ ግን ዘመኑ በክርክር አለቀ። ግሌን ከርቲስ ክንፉን ሳያጣምም፣ ኤለሮን የሚባሉ ለብቻቸው የሚታጠፉ መሪዎችን ተጠቀመ። ራይቶች በ1906 ያገኙት የፈጠራ መብት ይህንንም ይጨምራል ብለው በ1909 ከሰሱት። ዊልበር ከአውደ ጥናቱ ይልቅ ከጠበቆች ጋር መዋል ጀመረ። ግንቦት 30 ቀን 1912 በታይፎይድ ሲሞት ገና 45 ዓመቱ ነበር፤ ትዳርም አልያዘም። ኦርቪል ወንድሙን የጎዳው የክርክሩ ድካም ነው ብሎ ያምን ነበር።

በ1914 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለራይቶች ፈረደ። ክንፍ ማጣመሙ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሰማዩን የወረሰው በማጠፊያ የሚዞረው ኤለሮን ሆነ። ዛሬም በጋራዡ ማጠፊያ የሚያስተካክለው ሰው የሚደክመው ለዊልበር የቀድሞ ጥያቄ ነው፦ መብረሩስ ይሁን፣ ማን ይመራዋል?