ሳሙኤል ጆንሰን፥ በመጽሐፍ ሱቅ ውስጥ ያደገ ደራሲ

የክረምት ዕረፍት ሲቃረብ መምህራኖቻችን በሰሌዳ ላይ የመጻሕፍት ስም ይጽፉልናል። ሆሜርና ሼክስፒር፥ ዲክንስና ቶልስቶይ፥ ከአገራችንም የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» እና የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከዝርዝሩ አይጠፉም። ዝርዝሩን ሁላችንም በደብተራችን እንገለብጣለን፤ ደብተሩ ግን ብዙ ጊዜ እስከ መስከረም ሳይገለጥ ይከርማል። ምክንያቱም ፈተና የማይወጣበትን መጽሐፍ ማንበብ ለብዙዎቻችን ዋጋ የሌለው ድካም መስሎ ስለሚታየን ነው። ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ፥ ፈታኝም አዛዥም ሳይኖርበት በማንበብ ትልቅ ሊቅ ለመሆን የበቃውን እንግሊዛዊ ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰንን የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሰው አገራችንን በዓይኑ ባያያትም ስለ እርስዋ ሁለት መጻሕፍት ትቶልናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጆንሰን የተወለደው በሴፕቴምበር 18 ቀን 1709 ዓ.ም. ሊችፊልድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ነው። አባቱ ማይክል ጆንሰን መጻሕፍት ሻጭ ነበር፤ ሱቁም ከመኖሪያ ቤቱ ጋር አንድ ሆኖ በገበያው አደባባይ ዳር ይገኝ ነበር። ልጁ ገና ጡት ሳለ የአንገትን ዕጢ የሚያሳብጥና የሚያቈስል በሽታ ያዘው፤ ከዚህም የተነሣ የአንዱ ዓይኑ ብርሃን ደከመ፥ ከጆሮዎቹም አንዱ በደኅና አይሰማም ነበር፥ ፊቱና አንገቱም ላይ ጠባሳ ቀረበት። በዚያን ዘመን የንጉሥ እጅ የነካው ሰው ከዚህ ደዌ ይድናል የሚል እምነት ስለ ነበረ እናቱ በ1712 ሎንዶን ድረስ ይዛው ሄዳ ንግሥት አን እንድትዳስሰው አደረገች። ልጁ አልዳነም። ያን ጊዜ በአንገቱ የታሰረለትን ወርቅ ግን ዕድሜውን ሙሉ አላወለቀውም።

በከተማው ተማሪ ቤት የተማረው ላቲን ነበር። መምህሩ ሐንተር ያወቀውንም ያላወቀውንም ሳይለይ በአለንጋ የሚገርፍ ሰው ስለ ነበር፥ ልጁ ላቲን ቢያውቅም ትምህርቱን የሚያስታውሰው ከግርፋቱ ጋር ነው። በቤት ግን ሌላ ትምህርት ነበረ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው በምድር ቤት ካለው ማድ ቤት ተቀምጦ የሼክስፒርን «ሐምሌት» ሲያነብ፥ የሞተው ንጉሥ መንፈስ ከሚታይበት ቦታ ሲደርስ ፍርሃት ያዘውና ሰው ለማየት ሲል ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ ወደ መንገዱ በር ሄደ። እኛ ይህንኑ ተውኔት የባለ ታሪኮቹን ስም ለፈተና እየሸመደድን ስናነበው መንፈሱ ማንንም ሲያስፈራ አላየሁም።

ዐሥራ ስድስት ዓመት በሞላው ጊዜ ኮርኔልየስ ፎርድ ከሚባል የተማረ ዘመዱ ዘንድ ሄዶ ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ ሰነበተ። ሲመለስ የሊችፊልድ ተማሪ ቤት አልቀበልም ስላለው ስታወርብሪጅ በሚባል ቦታ ስድስት ወር ያህል ተማረና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ተማሪ ቤትና ያለ ሥራ ተቀመጠ። አባቱ ሱቅ መጠበቅንና መጽሐፍ መደጐስን ሊያስተምረው ሞከረ፤ ልጁ ግን ገዢ ሲመጣ ዓይኑን ከመጽሐፉ አያነሣም ነበር። ለአባትዮው ይህ ሁለት ዓመት የባከነ ዘመን እንደ መሰለው አያጠራጥርም፤ ዕዳ እየበዛበት የሚሄድ ነጋዴ ነበርና።

ነገር ግን ለጆንሰን ከዚህ የበለጠ ተማሪ ቤት አልነበረውም። አንድ ቀን ወንድሙ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ከትልልቅ መጻሕፍት ኋላ ፖም የደበቀ መስሎት ወጥቶ ሲፈልግ፥ ፖሙን ሳያገኝ የጥንቱን የኢጣልያ ባለቅኔ የፔትራርክን መጽሐፍ አገኘ። የዚህን ሰው ስም አስቀድሞ በሌላ መጽሐፍ መቅድም ላይ አይቶት ስለ ነበር እዚያው ተቀምጦ ብዙውን ክፍል አነበበ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ያነበበው እንዲህ አንዱ ወደ ሌላው እየመራው ነው። ከሮማውያን ደራስያን እጁ የገባውን ሁሉ አነበበ፤ ከግሪኮች ግን ጥቂት አናክሬዎንና ሄስዮድ ብቻ ደረሱት። የንባብ ሰዓት የሚወስንለት፥ ጥያቄም የሚጠይቀው ማንም አልነበረም። በጐልማሳነቱ ይህን ዘመን ሲያስታውስ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ የነበረው ዕውቀት ኋላ ከነበረው ብዙም እንደማያንስ ይናገር ነበር።

በ1728 እናቱ ከዘመድ ባገኘችው ጥቂት ውርስ ገንዘብ ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ፥ ፔምብሮክ ወደሚባለው ኮሌጅ ገባ። በደረሰበት ምሽት አባቱ ለመምህራኑ ስለ ልጁ ዕውቀት እየተመጻደቀ ሲያወራ ወጣቱ ዝም ብሎ ቈየና በመካከሉ ከማክሮብዮስ አንድ ቃል ጠቀሰ። ማክሮብዮስ በሊቃውንት እንጂ በተማሪዎች ዘንድ የማይነበብ የላቲን ጸሓፊ ስለ ነበረ መምህራኑ ተደነቁ። ይሁን እንጂ ድህነት አላስቀመጠውም። ጫማው ተቀድዶ እግሩ ይታይ ስለ ነበር አንድ ሰው አዝኖለት አዲስ ጫማ በደጃፉ ቢያኖርለት፥ ተቈጥቶ ወረወረው። ከዐሥራ ሦስት ወር በኋላ ዲግሪ ሳያገኝ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ አባቱም በ1731 ሞተ።

ከአገራችን ጋር የተገናኘው ከዚህ በኋላ ነው። ጄሮኒሞ ሎቦ የተባለ ፖርቱጋላዊ የካቶሊክ ቄስ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከ1625 እስከ 1634 ተቀምጦ ነበር። የጉዞውን ታሪክ ጆንሰን በኮሌጅ ሳለ በፈረንሳይኛ አንብቦት ስለ ነበር፥ በርሚንግሃም ከተማ ባለ አንድ አሳታሚ አማካይነት ወደ እንግሊዝኛ ሊተረጕመው ተስማማ። ሥራውን ጀምሮ በስንፍና ቢተወው፥ ወዳጁ ሄክተር ሥራ ፈትቶ ስለሚቸገረው አታሚና ስለ ቤተ ሰቡ ነገረው። ጆንሰንም ከአልጋው ሳይነሣ መጽሐፉን ከፊቱ ዘርግቶ እየተረጐመ ሲናገር ሄክተር ጻፈለት። በ1735 ታተመ፤ ዋጋውም አምስት ጊኒ ብቻ ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፉ ይህ ነው።

በዚሁ ዓመት በዕድሜ ሃያ ዓመት የምትበልጠውን ኤልሳቤጥ ፖርተር የምትባል ባል የሞተባት ሴት አገባ። የከፈተው ተማሪ ቤት ተማሪ ስላጣ በ1737 ከተማሪዎቹ አንዱ ከሆነው ከዳዊድ ጋሪክ ጋር ወደ ሎንዶን ወረደ። ጋሪክ ኋላ በእንግሊዝ አገር ስሙ የተጠራ የቲያትር ተጫዋች ሆነ፤ ጆንሰን ግን ብዙ ዓመት በጋዜጣ ሥራ ሲቸገር ኖረ። በ1746 መጻሕፍት ሻጮች በ1,575 ፓውንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅ ተዋዋሉት። በሦስት ዓመት እጨርሳለሁ ያለው ሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጅቶ በ1755 በሁለት ትልልቅ ጥራዝ ወጣ። ስለዚህ መዝገበ ቃላት በሌላ ቦታ ብዙ ስለ ተጻፈ አላረዝምም። ነገር ግን ከአርባ ሁለት ሺህ የሚበልጡትን ቃላት ሲፈታ ከመቶ ሺህ በላይ ምሳሌ ከደራስያን መጻሕፍት እየጠቀሰ ስለ ሆነ፥ ያ በሱቅ የተጀመረ ንባብ እዚህ እንደ ደረሰ አንባቢ ያስተውል።

በጃንዋሪ 1759 እናቱ በሊችፊልድ ሞተች። ለቀብርዋና ለትንሽ ዕዳዋ መክፈያ ገንዘብ ስላስፈለገው በአንድ ሳምንት ምሽቶች ውስጥ አንድ ልብ ወለድ ጽፎ በ100 ፓውንድ ሸጠ። መጽሐፉ «ራሴላስ» ነው፤ ባለ ታሪኩም የአቢሲንያ ልዑል ነው። ስሙን ከሎቦ መጽሐፍ ውስጥ ካነበበው ከዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ እንደ ወሰደው ይገመታል። ልዑሉ በአማራ ምድር በተራራ በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ከነገሥታት ልጆች ጋር በምቾት ይኖራል፤ የሚጐድለው ነገር ባይኖርም ይሰለቻል። በመጨረሻም ከእኅቱ ከነካያ፥ ከደንገጥርዋና ኢምላክ ከሚባል ባለቅኔ ጋር ተራራውን ፈልፍሎ ወጥቶ፥ ደስታ የሚገኝበትን አኗኗር ሊፈልግ ወደ ካይሮ ይሄዳል።

እኔ መጽሐፉን ስጀምር ንግግሩ በዝቶብኝ ነበር። ደግሞም የእኛ ታሪክ የሚናገረው የነገሥታት ልጆች ይጠበቁ የነበሩት በአምባ ግሸን አናት ላይ ስለ ሆነ፥ ሸለቆው አላሳመነኝም። ክንፍ ሠርቶ ለመብረር ሲዘል ከሐይቅ ውስጥ ከሚወድቀው ብልኀተኛ ታሪክ ጀምሮ ግን መጽሐፉን ማስቀመጥ አልቻልሁም። በመጨረሻው ምዕራፍ ዓባይ ሞልቶ ተጓዦቹን ካይሮ ውስጥ ከቤት እንዳይወጡ ያግዳቸዋል፤ እነርሱም ተቀምጠው ወደ ፊት ምን እንደሚሆኑ ይነጋገራሉ። ያን ጐርፍ ወደ ግብጽ የሚሰደው የእኛው ክረምት ነው፤ ይህንን ምዕራፍ በነሐሴ ዝናም ጣራው እየተደበደበ ያነበበ ሰው ተጓዦቹን ይረዳቸዋል። ለእንግሊዝኛ የሚሰጋም ቢኖር፥ በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዘርዝረው ያሳተሙት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ አቶ ሲራክ ኅሩይ «ራሴላስን» ወደ አማርኛ ተርጕመውታል።

በ1762 መንግሥት በዓመት 300 ፓውንድ ጡረታ ስለ ቈረጠለት ጆንሰን ከድህነት ወጣ። የሼክስፒርን ተውኔቶች አርሞ በ1765 አሳተመ፤ ኋላም የእንግሊዝ ባለቅኔዎችን ሕይወት ጻፈ። በጃማይካ በባርነት የተወለደውን ፍራንሲስ ባርበርን ከቤቱ አኑሮ ላቲንና ግሪክ እንዲማር ወደ ተማሪ ቤት ሰደደው፤ ሲሞትም ከሀብቱ የሚበዛውን አወረሰው። ስለ ንባብ ሲጠየቅ ወጣት በቀን አምስት ሰዓት ማንበብ እንደሚገባው፥ ነገር ግን ልቡ የወደደውን እንዲያነብ፥ በግዴታ የተነበበ ነገር እምብዛም እንደማይጠቅም ይመክር ነበር። እርሱ ራሱ ብዙውን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው አያነብም ነበር። በ1764 በጋ ግን ከወዳጁ ከቶማስ ፐርሲ ቤት በገጠር ሲሰነብት፥ ሊቃውንት የሚንቁትን አንድ ያረጀ የእስጳንያ የጀግኖች ተረት መርጦ ከዳር እስከ ዳር ጨረሰው። ያን ጊዜ ዕድሜው ሃምሳ አራት ዓመት ነበር።

አባቱ በሕይወት ሳለ በገበያ ቀን አቶክሴተር ወደምትባል ከተማ እየሄደ መጻሕፍት ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን ታሞ ልጁን ሄደህ ጠብቅልኝ ቢለው፥ ወጣቱ ሳሙኤል ኰርቶ እንቢ አለ። ጆንሰን ይህን ነገር አልረሳውም። ከሃምሳ ዓመት ያህል በኋላ፥ ዝናው በአገሩ ሁሉ ተሰምቶ ዶክተር ከተባለ ወዲያ፥ ዝናም በሚዘንብበት ቀን ወደዚያች ከተማ ሄዶ ባርኔጣውን አውልቆ የአባቱ የመጽሐፍ መደብ በነበረበት ቦታ ብዙ ጊዜ ቆመ። በዲሴምበር 13 ቀን 1784 ዓ.ም. በሎንዶን ሞቶ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። በአቶክሴተር ገበያም ባርኔጣውን አውልቆ እንደ ቆመ የሚያሳይ ምስል በድንጋይ ተቀርጾለታል።